ደብረ ወገግ ወይስ ድሬዳዋ?

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ፣ አዋሽ አርባንና ቦርደዴን አልፎ ሲጓዝ ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ ተራራ ያያል። ግርጌው ግራርና እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ወደ ላይ ሲታይ ግን ቀለሙ ይለወጣል፤ ጽድና ወይራ ይጀምራል። ከተራራው ሥር ያለችው አነስተኛ ከተማ አሰቦት ናት፤ በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሚኤሶ ወረዳ። ከላይ ያለው የደብረ ወገግ አሰቦት ቅድስት ሥላሴ ገዳም ነው። የሩቅ አገር አውቶቡስ በዚህች ከተማ ብዙም አይቆምም። ተሳፋሪው ልቡ ቀድሞት ድሬዳዋ ገብቷል፤ ተራራውን በመስኮት አይቶ፣ ምናልባትም አማትቦ፣ ያልፋል።

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚያ ተሳፋሪ ነው። ጥቂት የዕረፍት ቀናት አሉት፤ ምሥራቁን ማየት ይፈልጋል፤ ሁሉንም ለማዳረስ ግን ጊዜ አይበቃውም። ጥንታዊውን ገዳም ይውጣ ወይስ ወደ ሞቀው ከተማ ይውረድ?

ምርጫው በአገራችን ብቻ የሚገጥም አይደለም። ለሕክምና ወይም ለንግድ ባንኮክ ደርሰው ጉዳያቸውን የጨረሱ ኢትዮጵያውያንም ሁለት ሦስት ቀን ሲተርፋቸው ያው ጥያቄ ይመጣባቸዋል። ባንኮክ ገበያው፣ ጀልባው፣ የመንገድ ዳር ምግቡ ሌት ተቀን የማያርፍ ከተማ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ካምቦዲያ የሄደ ሰው ደግሞ አንግኮርን ያገኛል። አንግኮር ዋት የተገነባው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ዳግማዊ ሱሪያቫርማን በነገሠበት ዘመን ነው። አንግኮር ቶም የተባለውን ሌላውን ታላቅ ከተማ የሠራው ሳብዓዊ ጃያቫርማን ደግሞ ከእኛው ከንጉሥ ላሊበላ ጋር በአንድ ዘመን የኖረ ነው፤ ሮሐ ላይ ዓለቱ ሲፈለፈል እዚያም ድንጋይ ይጠረብ ነበር። ባንኮክ በአንጻሩ ዋና ከተማ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1782 ነው፤ ከጎንደር ነገሥታት እንኳ በዕድሜ ታንሳለች።

ከአንግኮር የምንማረው አንድ ነገር አለ። ስፍራው ጠባቂ መሥሪያ ቤት አለው። ትኬት ይቆረጣል፤ ትከሻውንና ጉልበቱን ያልሸፈነ ሰው ወደ ቤተ መቅደሱ የላይኛው ደረጃ አይወጣም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ሰው በሚጋፋበት በፕኖም ባኬንግ ኮረብታ ላይ በአንድ ጊዜ ከ300 ሰው በላይ እንዲቆም አይፈቀድም። ሥርዓት የማያውቅ ጎብኚ ቢመጣ እንኳ በሩ ላይ የቆመው ሰው ያስተካክለዋል። አሰቦት ላይ ትኬት ቆራጭ የለም፤ የሰው ቁጥር የሚወስን ሰሌዳም የለም። ሥርዓቱ ያለው በመነኮሳቱ ሕይወትና በእንግዳው ኅሊና ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ አሰቦት ለመውጣት የሚያስብ ሰው ከምርጫው በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ለዚህ ስፍራ የምሰጠው ጊዜ አለኝ ወይ? የዚህ ምዕራፍ ጸሐፊ አቋም በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ከተማ ጥድፊያን ይችላል፤ ገዳም አይችልም። የቸኮለ ሰው ከተማውን ይምረጥ፤ ተራራውን የሚመርጥ ደግሞ ጥድፊያውን አሰቦት ከተማ ጥሎ ይውጣ።

መጀመሪያ ተራራውን እንይ። ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዙሪያው ያለው ቆላ ደግሞ ከዚያ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ልዩነት ለእግርም ለዛፍም ትርጉም አለው። ሜዳው ላይ ዝናብ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ ነው፤ ግመልና ፍየል የሚረባበት፣ የኢቱ ኦሮሞ፣ የኢሳ ሶማሌና የአፋር አርብቶ አደሮች የሚገናኙበት አገር ነው። አናቱ ግን ደመና ይይዛል፣ ጤዛ ይጠጣል፣ የደጋ ዛፍ ያበቅላል። በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከግራር ወደ ጽድ፣ ከግመል መንገድ ወደ ማኅሌት መሻገር የሚቻልባቸው ስፍራዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው።

ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ ናቸው፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር፣ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ አባት። አንባቢ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ከአንበሳ ጋር የሚታዩት አቡነ ሳሙኤል የዋልድባው ናቸው፤ የደብረ ወገጉ ሌላ ናቸው፤ የሁለቱም ገድል ለየብቻ ነው። የደብረ ወገጉ ሳሙኤል ገድል ስለ ቅድስና ብቻ ሳይሆን ስለ ዘመኑም ይናገራል። ያን ጊዜ የሸዋ መነኮሳት ከደብረ ሊባኖስ አካባቢ እየተነሡ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወጡበት፣ ሰው ባልሰፈረበት ተራራና ደሴት ላይ ገዳም የሚተክሉበት ዘመን ነበር። አሰቦት በዚህ ጉዞ ወደ ምሥራቅ በሩቁ ከወጡት አንዱ ነው። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ለጎብኚ ዓይን ግልጽ ነው፦ ውሃና ዛፍ ያለው፣ ከሜዳው ጫጫታ የራቀ፣ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ግን ለመድረስ የሚያደክም። ገዳሙ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ጊዜ እንደ ሌሎቹ የዚያ አካባቢ ገዳማት ጠፍቶ፣ ኋላ ዘመን እንደገና የቆመ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚመጣ ሰው እንደ ላሊበላ የተፈለፈለ ዓለት ወይም እንደ አክሱም የቆመ ሐውልት አይጠብቅ። ጥንታዊነቱ በድንጋዩ ሳይሆን በጸሎቱ፣ በሥርዓቱና በደኑ ነው።

ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ጎብኚ ቅር ብሎት ይወርዳል። አንዳንዱ ሰው ገዳም የሚሄደው ሕንፃ ለማየት ነው፤ ሕንፃው ያሰበውን ያህል ካልገዘፈ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል። ገዳም ግን ቤተ መዘክር አይደለም። በአንድነት ገዳማት መነኮሳቱ የየግላቸው ሀብት የላቸውም፤ አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ይጸልያሉ፣ ከአንድ ማዕድ ይቀምሳሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ኃላፊ አለው፤ አበምኔቱ ከሁሉ በላይ ናቸው፣ መጋቢው የቤቱን ሥራ ያስተዳድራል፣ ገና ያልመነኰሱት አርድእት ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ዳቤ ይጋግራሉ። ለማየት የሚገባው ይህ ነው፤ ይህ ደግሞ በግማሽ ሰዓት አይታይም። እንግዳው አንድ ሌሊት አድሮ፣ የሌሊቱን ማኅሌት ሰምቶ፣ ጠዋት አርድእቱ ለሥራ ሲወጡ ሲያይ ነው የመጣበት ነገር የሚገባው።

አቀባበሉም የራሱ ሥርዓት አለው። እንግዳ ደርሶ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ወደ መነኮሳቱ በአት አይሄድም። በመጀመሪያ ያገኘውን አባት ባርከኝ ብሎ ተሳልሞ፣ ከየት እንደመጣ ተናግሮ፣ ወደ አበምኔቱ ወይም ወደ መጋቢው እንዲያደርሱት ይጠይቃል። ማደሪያው፣ የት መግባት የትስ አለመግባት እንዳለበት፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ የሚነገረው እዚያ ነው። ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ የመግቢያ ሥርዓት ያላቸው ገዳማት ብዙ ስለሆኑ ሴት ተጓዦች ከከተማው ሳይነሡ ቢጠይቁ ከድካም ይድናሉ። ባዶ እጅ አይመጣም፤ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ ዘይት ወይም እህል ይያዛል። ይህን ስጦታ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ማስቀመጥ ሳይሆን ለመጋቢው ማስረከብ ይገባል፤ ገዳሙ ምን እንደጎደለው የሚያውቀው እርሱ ነው። ክርስቲያን ያልሆነ እንግዳም በአክብሮት ከመጣ አይመለስም፤ በኢትዮጵያ ገዳማት የቆየ ልማድ እንግዳን የሚጠይቀው በመጀመሪያ ደክሞት እንደሆነና ርቦት እንደሆነ ነው።

ስለ ደኑ ግን ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፤ በአሰቦት ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። በአገራችን ደጋማ ክፍል ከጥንቱ ደን የተረፈው ብዙው ያለው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ ነው። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው ያሳዩን ይህንኑ ነው፤ ዙሪያው ታርሶ አልቆ ደኑ እንደ ደሴት ቀርቷል። አሰቦት የዚህ ሁሉ ጎላ ያለ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም ከሥሩ ያለው የእርሻ ማሳ ሳይሆን ደረቅ ቆላ ነው። ጽድ ሲቃጠል ይንቦገቦጋል፤ ዘይት አለበት። በበጋ ወራት ሣሩ ሲደርቅ፣ ነፋሱ ከሜዳው ወደ ላይ ሲነፍስ፣ አንዲት ፍም በቂ ናት። በየካቲት 2004 ዓ.ም. የአሰቦት ደን በእሳት ተያያዘ። የዝቋላ ደንም በዚያው ሰሞን ነበር የተቃጠለው። ከቅርብም ከሩቅም፣ ከአዲስ አበባ ጭምር፣ ምእመናን ተጠራርተው ወጡ። ገደላማ ተራራ ላይ ውሃ የሚጭን መኪና አይደርስም፤ እሳቱን የተዋጉት በቅጠል እየመቱ፣ አፈር እየበተኑ፣ ያልተያዘውን ሣር እየመነጠሩ ነው። በዚያ ሰሞን ወሬውን የሰማ ሰው ሁሉ ገዳም ማለት ቅጽር ብቻ አለመሆኑን ተረዳ። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በአንድ ቀን የነደደውን ለመተካት የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም።

ከዚህ የተነሣ ወደ አሰቦት የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ የደኑ ጠባቂ ሆኖ መውጣት አለበት። ጫካው ውስጥ ቡና አይፈላም። ጧፍ የሚበራው በተፈቀደበት ስፍራ ብቻ ነው። የውሃ ፕላስቲክ ይዞ የወጣ ይዞት ይወርዳል። በንግሥ ቀን በብዙ ሺህ ሰው ላይ አንዳንድ ጠርሙስ ቢጨመር ተራራው የሚሸከመው ቆሻሻ ምን ያህል እንደሚሆን ማሰብ አያስቸግርም። ዓመታዊው የሥላሴ በዓል ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ነው። የጥር 7ቱ በዓል አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነበት ወቅት ስለሚውል ለመውጣት ይመቻል፤ የሐምሌው ክረምት ነው፣ ዳገቱ ያዳልጣል። በበዓል ቀን የሚሄድ ሰው የሕዝቡን ድምቀት ያገኛል፤ የገዳሙን ጸጥታ የሚፈልግ ግን ከበዓሉ ርቆ በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢወጣ ይሻለዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ከተማው እንውረድ። ድሬዳዋ የገበያ ከተማ ብቻ አይደለችም፤ በተራራ ምክንያት የተወለደች ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ በእ.ኤ.አ. 1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ውል ሲፈቅዱ ሐዲዱ የታሰበው ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ መሃል አገር ነበር። ነገር ግን የሐረርን ተራራ ባቡር ማስወጣት ከባድና ውድ ሆነ። ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ ቆላውን ይዞ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደርሶ የቆመበት ሜዳ አዲስ ሐረር ሊባል ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ አለው፣ ስሙም ጸና። ከዚያ ሐዲዱ ኤረርን፣ አፍደምን፣ ሚኤሶን፣ አሰቦትን፣ አዋሽን እየነካ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እንግዲህ ልብ ይባል፦ መነኮሳቱ ተራራውን የፈለጉት ሰው እንዲርቃቸው ነው፤ መሐንዲሶቹ ተራራውን የሸሹት ሰውና ዕቃ እንዲቀርባቸው ነው። አሰቦት ከተማና አሰቦት ገዳም አንድ ስም ይዘው የተለያየ ሕይወት የሚኖሩትም በዚህ ነው። ሲዬም ሪፕ የምትባለው የካምቦዲያ ከተማ አንግኮርን ለማየት በሚመጣ እንግዳ ትኖራለች፤ አሰቦት ከተማ ግን ያደገችው በሐዲዱና በአስፋልቱ ነው እንጂ ገዳሙን ለማየት በሚመጣ ሰው አይደለም። ስለዚህ ሆቴልና አስጎብኚ ተሰልፎ የሚጠብቅዎት እንዳይመስልዎ።

ድሬዳዋን ለማየት የሚበጀው ማለዳ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ሙቀቱ እስኪበረታ ያለው ሰዓት የእርስዎ ነው። ቁርስ ፈጢራ ይብሉ፤ ሊጡ በዘይት ላይ ተዘርግቶ፣ እንቁላል ተሰብሮበት፣ ተጣጥፎ ሲጠበስ ቆመው ይመልከቱት። ሆጃ ያልጠጣ ሰው ሐረርጌን ቀምሻለሁ አይበል። ከዚያ ቀፊራ ገበያ ይግቡ። ቀፊራ ቅስት በር ባለው ግንብ የታጠረ ገበያ ነው፤ በጠዋት ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ቀለማቸው የደመቀ ሻሽና ልብስ ለብሰው፣ በርበሬውንና ቲማቲሙን፣ ማንጎውንና ጥራጥሬውን መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። አንዲት ሻጭ ከአንዱ ደንበኛ ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ሌላው ሲመጣ ወደ ሶማሊኛ ትዞራለች፣ እርስዎን ስታይ በአማርኛ ዋጋ ትጠራለች። ይህን የሚሰማ ጆሮ ስለ ድሬዳዋ ብዙ ይማራል። የኤሌክትሮኒክስና የልብስ ገበያ የፈለገ እዚያው ከተማ ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ይሄዳል። ጣፋጭ የሚወድ ሙሸበክ አይለፈው።

ቀትር ላይ ግን ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል። ሱቆች ይዘጋሉ፤ ባጃጆች ጥላ ይፈልጋሉ፤ ሰው ቤቱ ይገባል። ከአዲስ አበባ የሄደ ጎብኚ በዚህ ሰዓት የተዘጋ በር እያንኳኳ ይማረራል። ከተማው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ለሙቀቱ የተበጀ የሥራ ሰዓት ነው፤ አሥር ሰዓት ሲል እንደገና ይነቃል፣ እስከ ማታም ይቆያል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀትሩን ለዕረፍት ያውለዋል፤ ማምሻውን ደግሞ ከዚራ ይሄዳል። ከዚራ ፈረንሳዮቹ በቀጥታ መንገድ የነደፉት፣ ዛፍ የተተከለበት ሰፈር ነው፤ የድሮው የባቡር ጣቢያም እዚያ ነው። መጋላ የተባለው ሌላው ሰፈር ከወንዙ ማዶ ነው፤ ጠባብ መንገዶቹ በዕቅድ ሳይሆን በኑሮ የተሠሩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። አሸዋው ግን አይታመንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከላይ ከተራራው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። የተራራው ደን ሲመናመን ጎርፉ ወደ ከተማው ይፈጥናል፤ የደጋው ዛፍ የቆላ ከተማ ነዋሪ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነው። ከአሰቦት ደን እስከ ደቻቱ አሸዋ አንድ ክር ይዘረጋል፤ የምዕራብና የምሥራቅ ሐረርጌ ተራራ ሁሉ ከሥሩ ያለውን ሜዳ ይጠብቃል ወይም ያጠፋል።

በአሰቦትና በድሬዳዋ መካከል ያለው መንገድ ራሱ ሊዘለል አይገባም። ሚኤሶ ላይ ሐዲዱና አስፋልቱ ይለያያሉ፤ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ግንባታም ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ሥራቸውን ያገናኙት እዚሁ ሚኤሶ ነው፤ መስመሩ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ይሄዳል፤ አስፋልቱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። ጭሮ፣ ብዙዎች አሁንም አሰበ ተፈሪ የሚሏት፣ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከሚኤሶ ሙቀት የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ እፎይ ይላል። ከተማዋ የጨርጨር መቀመጫ የሆነችው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውራጃውን ባስተዳደሩበት ዘመን ነው፤ በሩሲያ ተምረው የተመለሱት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ፋቡላን የደረሱት። ከእርሳቸው በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አስተዳድረዋል። ጨርጨር በእነዚህ ሰዎች ዘመን አገሪቱን በአዲስ ሥርዓት ለማስተዳደር እንደ ምሳሌ የተያዘ አውራጃ ነበር። ዛሬ ጭሮ የቡናና የጫት ንግድ ከተማ ናት፤ በየተዳፋቱ በእርከን ላይ ማሽላና ጫት ጎን ለጎን ተተክለው ይታያሉ። ከከተማው ወደ ደቡብ በኩኒ በኩል የኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ አለ፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው የደጋ አጋዘን በሐረርጌ ተራሮችም ኖሯል። ጥንታዊ ስፍራ ማለት ቤተ መቅደስ ብቻ የሚመስለው ደግሞ በበዴሳ አቅጣጫ ስላለው ኦዳ ቡልቱም ይጠይቅ። ኦዳ ቡልቱም ከኦሮሞ ታላላቅ የገዳ ኦዳዎች አንዱ ነው፤ ሕግ የሚደነገግበት፣ ጉባኤ የሚቀመጥበት የዋርካ ጥላ። ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም የተሰየመው በእርሱ ነው።

መንገዱ ከጭሮ በሂርና፣ በጨለንቆና በቁሉቢ አድርጎ ደንገጎ ላይ ይከፈላል፤ ወደ ግራ በጠመዝማዛው ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ቀኝ በሐሮማያ ወደ ሐረር። ቁሉቢ ገብርኤል ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ያሠሩት ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቀን መንገዱም የድሬዳዋ ሆቴሎችም ይሞላሉ፤ ለከተማው ሲል የሚመጣ ሰው ያን ሳምንት ይተው። ሐረር ደግሞ ከተማና ጥንታዊ ስፍራ መለየት የማይቻልበት ነው። የጀጎል ግንብና አምስቱ በሮች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በውስጡ ግን ሰው ዛሬም ይኖራል፣ ይነግዳል፣ ይጋባል። አንዳንዶች ሐረር ካለ ለምን እንመርጣለን ይላሉ። ሐረርን መጎብኘት ድንቅ ነው፤ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ነገር ግን የጀጎል ጥንታዊነት የሰፈርና የጎረቤት ጥንታዊነት ነው፤ የአሰቦት ጥንታዊነት የብቸኝነት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

እንግዲህ ምርጫው። ያለዎት ጊዜ አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ድሬዳዋን ይምረጡ፤ ከፉሪ ለቡ የሚነሣው ባቡር ለእርሷ ያመቻል፣ ከተማዋም ለአንድ ቀን እንግዳ የምትሰጠው አላት። ከልጆች ጋር ወይም ጉልበታቸው ከደከመ ወላጆች ጋር ከሆኑም እንደዚሁ፤ የአሰቦት ዳገት ከባድ ነው። ሁለት ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ ካለዎትና እግርዎ ደኅና ከሆነ በአስፋልቱ መጥተው አሰቦት ይውረዱ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ለተራራው ይስጡ። መንገዱ አልፎ አልፎ የጸጥታ ችግር የሚገጥመው ስለሆነ ከመነሣትዎ በፊት ስለ ወቅቱ ሁኔታ የአካባቢውን ሰው፣ የወረዳውን አስተዳደርና ገዳሙን ይጠይቁ፤ በጨለማ አይጓዙ። ተራራውን ብቻዎን አይውጡ፤ ከከተማው መንገድ የሚያውቅ ሰው ይያዙ፣ ለድካሙም ተገቢውን ይክፈሉት።

ጠዋት ተነሥቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ከሰዓት ወርዶ ማታ ድሬዳዋ ለመግባት የሚያስብ ሰው ካለ ግን ሐሳቡን እንዲለውጥ አጥብቄ እለምነዋለሁ። ተራራውንም ከተማውንም ያጣቸዋል፤ መነኮሳቱንም ያስቸግራቸዋል። አሰቦትን ከመረጡ ውሃና ዳቦ፣ ለብርዱ ጋቢ፣ ለገዳሙ ጧፍና ዕጣን ይያዙ፤ ክብሪቱን ለመጋቢው ያስረክቡ፤ የያዙትን ፕላስቲክ ሁሉ ቆጥረው ይዘው ይውረዱ። ይህን ለማድረግ ዝግጁ ካልሆኑ፣ ለደኑ ሲባል፣ ድሬዳዋ ይሂዱ።